መቅደላ ላይ የጠፋው የጎንደር ልጅ



ባለፈው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ከኢትዮጵያውያን መካከል ዘመናዊ ሕክምና ተምሮ መጀመሪያ ዶክተር የሆነው ማን ነው አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ከኋላ ወንበር የፊልም ተዋናይ ስም ጠራና ሁላችንም ሳቅን። መምህራችን መልሱን ሲነግሩን ግን ሳቁ ቆመ። ሰውየው ለካ የኛው የጎንደር ልጅ ናቸው። ስማቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። በመጽሔታችን ስለ አፄ ፋሲልም ስለ አፄ ቴዎድሮስም ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ስለ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልተጻፈም። ስለዚህ በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ታሪክ ገጽ የሳቸው እንዲሆን ክበባችን ወሰነ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፦ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ነው። (ልጅ ሳለ እሱ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ሲያድጉ እሳቸው እላለሁ፤ ግራ እንዳይገባችሁ።) አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ወልደማርያም ይባላሉ። ነጋድራስ ማለት በዚያን ጊዜ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ጎንደር ደግሞ የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ከመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በሌላ በኩል ወደ ምጽዋ ቅፍለት ይወጣባት ይገባባት ነበር። እንግዲህ ልጁ የደህና ቤት ልጅ ነው ማለት ነው። ነገር ግን የተወለደበት ዘመን ክፉ ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አገሩ በየአቅጣጫው ሸፍቶባቸው ነበር፣ ከእንግሊዝ መንግሥትም ተጣልተው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሷን አቃጠሏት። ይህን ስጽፍ ትንሽ ከብዶኛል፤ ምክንያቱም ቴዎድሮስን ሁላችንም እንወዳቸዋለን፣ ግን ታሪክ ታሪክ ነው። የነጋድራስ እሸቴ ቤተሰብም ከብዙ ሰው ጋር መጨረሻው መቅደላ ሆነ።

መቅደላ የሆነውን በኅብረተሰብ ሳይንስ ስለተማርነው አላስረዝመውም። ናፒየር የሚባለው የእንግሊዝ ጄኔራል ጦሩን በዙላ ወደብ አራገፈ፤ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች መድፉን ተሸክመው ያንን ሁሉ ተራራ ወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተያዘች። አፄ ቴዎድሮስም እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ አምባው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። እዚያ ላይ የነበረው ሕዝብ እንደ ጉንዳን ተበተነ። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናት ልጇን የማታገኝበት ቀን ነበር። በዚያ ግርግር መካከል አንድ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሆነው ሕፃን ብቻውን ቀረ። እስቲ የሦስት ዓመት ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አስቡ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ብትጠፋ ምን እንደምንሆን እናውቃለን። ወርቅነህ የጠፋው ግን ለአምስት ደቂቃ አይደለም፤ ለ31 ዓመት ነው።

ልጁን ቻርልስ ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ወሰደው። ጦሩ ሲመለስ እሱም አብሮ በመርከብ ወደ ህንድ ተሻገረ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቻምበርሌን ሞተ፤ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ያኔ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርት ቤቱን ወጪ ልክፈል አለ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ሰውዬ ቻርልስን፣ ከሁለተኛው ማርቲንን ወስደው ልጁን ቻርልስ ማርቲን አሉት። ወርቅነህ የሚለው ስም ጠፋ። አማርኛውም ጠፋ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ላይ ያለ ልጅ ቋንቋውን የሚያናግረው ሰው ካላገኘ እንደሚረሳው መምህራችን ነግረውናል። እናቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ እንኳን ረስቶት ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ትንሽ ማንሳት እፈልጋለሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ጊዜ በዚያው ጦር ተወስዷል፤ እሱ የሄደው እንግሊዝ አገር ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። የእንግሊዝ ንግሥት ሳይቀሩ ያውቁት ነበር፣ ትላልቅ ትምህርት ቤቶችም ገብቶ ነበር፤ ሆኖም በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ታሞ ሞተ፣ አገሩን ሳያይ። ስለ ዓለማየሁ ዘፈንም ቲያትርም አለ። ስለ ነጋዴው ልጅ ግን ማንም አላለቀሰም፣ ምክንያቱም መጥፋቱን እንኳን ከዘመዶቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ሁለቱን ሳስተያይ የነጋዴው ልጅ ይበልጥ ይገርመኛል።

ወርቅነህ በህንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተማረ። ከዚያ ላሆር ወደሚባለው ከተማ ሄዶ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። ላሆር ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ ናት፤ ያኔ ግን ሁሉም በእንግሊዝ የምትገዛው ህንድ ነበር። ሲገባ ገና ልጅ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. ሲመረቅ 18 ዓመት አልሞላውም። የኛ ትምህርት ቤት የድሮ ተማሪዎች በዚያ ዕድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና እየጨረሱ ነው። በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ኤዲንብራ ከተማ ላይ ተጨማሪ ትምህርት ተምረው የሐኪምነት ፈቃዳቸውን አገኙ። ከዚያም የእንግሊዝ መንግሥት በርማ ላይ የወረዳ ሐኪም አድርጎ ሾማቸው። በርማ ዛሬ ሚያንማር የምትባለው አገር ናት።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ሐኪም ሲባል አባቶቻችን መድኃኒት አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ኮሶ ለትል፣ እንዶድ ለንጽሕና፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ወጌሻ፣ ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ አለ። የመጀመሪያው የሚባሉት በዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በመመረቅ ነው።

እንግዲህ ሰውዬው በርማ ውስጥ ደመወዝ አላቸው፣ ቤት አላቸው፣ የተከበሩ ሐኪም ናቸው። ለምን ወደማያውቁት አገር ይመጣሉ? የሆነው እንዲህ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጣሊያን ተሸነፈ። ወሬው በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ወጣ። ጥቁር ሕዝብ የአውሮፓን ጦር በጦር ሜዳ አሸንፎ አባረረ ሲባል በርማ ያሉት ዶክተር ማርቲንም ሰሙ። አገሬ የሚሉት የመቅደላን ጭስ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ዓለም ሁሉ ስለዚያች አገር ያወራል። ፈቃድ ጠይቀው ጉዞ ጀመሩ። በኤደን፣ በዘይላ፣ በሐረር አድርገው በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። 34 ዓመታቸው ነው።

አዲስ አበባ ያኔ ገና አዲስ ከተማ ናት። ሐኪሙ መሐል ከተማው ላይ ድንኳን ተከሉና ሕመምተኛ ማየት ጀመሩ። ሐበሻ የሚመስል፣ ግን አማርኛ የማይሰማ፣ በአስተርጓሚ የሚያወራ ሐኪም መጥቷል ተባለ። እንደዚህ ያለ ወሬ ደግሞ እግር አለው። ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ነው የሚለውም አብሮ ተወራ። መቅደላ ላይ ልጅ የጠፋባቸው ስንት ቤተሰቦች ይኖሩ ይሆን? ሁሉም ጆሮውን ማቅናቱ አይቀርም።

ከሰሙት መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። መጡ፣ ሐኪሙን አዩ። የጠፋው የልጅ ልጃቸው በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንደነበረው ያስታውሱ ነበር። ጠባሳው ታየ። እዚያው ነበር። አሮጊቷም ስምህ ቻርልስ አይደለም፣ ወርቅነህ ነህ፣ የእሸቴ ልጅ ነህ የሚለውን ነገሯቸው። እኔ ይህን ክፍል መጀመሪያ ስሰማ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ፎቶ የለም፣ የልደት ካርድ የለም፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ እንኳን አይግባቡም፤ በአስተርጓሚ ነው ስምህ ይሄ ነው የተባሉት። 31 ዓመት ሙሉ ያልጠፋው ያ ጠባሳ ብቻ ነበር።

ታሪኩ ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን እንደዚያ አልሆነም። ሐኪም ወርቅነህ በፈቃድ የመጡ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ወደ በርማ መመለስ ነበረባቸው። ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሕመማቸው ሲጠናባቸው እንደገና መጡ፤ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ሲሠሩ ንጉሡንም አክመዋል። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አገቡና ብዙ ልጆች ወለዱ። ከዚያ ደግሞ እንደገና በርማ። ጡረታቸውን አስከብረው ለዘለቄታው አገራቸው የገቡት በ1911 ዓ.ም. ነው። አንዳንድ የክበባችን አባላት ለምን መጀመሪያውኑ አልቀሩም ብለው ተከራክረዋል። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ሁለት አገር ያሳደገው ሰው እግሩን ከአንዱ በአንድ ቀን መንቀል ይከብደዋል፤ ደመወዝና ጡረታም ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ልጆች ላሉት ሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው ብዙ ነው፤ ሁሉንም ብጽፈው መጽሔቱ አይበቃም። ለኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው የትምህርቱ ነገር ነው። በ1917 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ (በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ) አዲስ አበባ ላይ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሲከፍቱ የበላይ ኃላፊ እንዲሆኑ የመረጡት ሐኪም ወርቅነህን ነው። ያኔ ብዙ ሰው ትምህርት ማለት ዳዊት መድገም ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሒሳብና ሳይንስ በውጭ ቋንቋ መማር ልጅን ሃይማኖቱን ያስለውጠዋል ብሎ የሚፈራም ነበር። ከዚያም ሌላ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ልጆቹ ከፊደል ጋር የእጅ ሙያ ይማሩበት ነበር። ከእናቱ ተነጥሎ የተወሰደ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ መምህር ከየት ይመጣል?

ይህን ልብ በሉልኝ፦ ሐኪም ወርቅነህ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተው አሳትመዋል። አዎ፣ በአማርኛ! በ1891 ዓ.ም. ከአያታቸው ጋር በአስተርጓሚ ያወሩት ሰውዬ ማለት ነው። የየቀኑን ማስታወሻቸውን በእንግሊዝኛ ነበር የሚጽፉት፣ ምክንያቱም ያደጉበት ቋንቋ እሱ ነው። ለተማሪ የሚሆነውን ግን በአማርኛ አዘጋጁ። ስለ ህንድ፣ ስለ ውቅያኖስ፣ ስለ አህጉራት በአማርኛ ለማንበብ ያኔ ብዙ መጽሐፍ አልነበረም። እሳቸው ደግሞ ባሕሩን ራሳቸው የተሻገሩት ናቸው። እኛ የእንግሊዝኛ ቃል ጥናት አንድ ገጽ ሲሰጠን እንዴት እንደምናጉረመርም ታውቃላችሁ፤ እሳቸው ከ30 ዓመታቸው በኋላ ከሀ ሁ ነው የጀመሩት።

ሌላው ሥራቸው ከኛ አገር ጋር የሚገናኝ ነው። በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው ኒውዮርክ ካለ የኢንጂነሮች ድርጅት ጋር ተነጋገሩ። ጉዳዩ ጣና ነው! ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ግድብ ለመሥራት። ወሬው ሲወጣ የእንግሊዝ መንግሥት ደነገጠ፣ ያኔ ሱዳንና ግብፅ በእጁ ስለነበሩ ውኃው ያሳስበው ነበር። ግድቡ በዚያን ጊዜ ሳይሠራ ቀረ። እዚያው አሜሪካ ሳሉ ሐርለም የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሄደው ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። አዛዥ የሚል ማዕረግም ነበራቸው። የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛም ሆነው ሠርተዋል፤ በኋላም በሐረርጌ በኩል ያለውን ጨርጨርን በአገረ ገዥነት አስተዳድረዋል። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች ሞዴል እንዲሆን ተብሎ የተመረጠ አገር ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስኩ። ጣሊያን ሁለተኛ ሊወርረን ሲዘጋጅ ሐኪም ወርቅነህ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር፣ ማለት እንደ አምባሳደር፣ ሆነው ተልከው ነበር። 70 ዓመታቸው ነው። በየአዳራሹ እየዞሩ የአገራቸውን ጉዳይ ተናገሩ፣ ለቀይ መስቀል ገንዘብ አሰባሰቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ተሰደው በግንቦት 1928 ዓ.ም. ለንደን በባቡር ሲገቡ ጣቢያው ላይ ከተቀበሏቸው አንዱ እሳቸው ናቸው። አስቡት እስቲ፤ ያሳደጋቸው፣ ያስተማራቸው፣ ጡረታ የሚከፍላቸው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። አገራቸውን ትቶ ዝም ያለውም ያው መንግሥት ነው። በዚያው ቋንቋ፣ ከነሱ በተማሩት እንግሊዝኛ፣ ተሟገቷቸው።

ሁለቱ ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ተምረው የመጡ ኢንጂነሮች ናቸው። እንደ ብዙ የተማሩ ወጣቶች የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባል ሆነው ጣሊያንን ሲዋጉ ቆዩ፣ በኋላም ተያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጣሊያኖች አዲስ አበባን በደም አጠቡ፤ የተማረ የተባለውን እየለቀሙ ገደሉ። ብንያምና ዮሴፍም ያን ጊዜ ተገደሉ። አባትየው ለንደን ነበሩ። በ1860 አባትና እናት ልጃቸውን በጦርነት አጡ፤ በ1929 ያ ልጅ አባት ሆኖ ልጆቹን በጦርነት አጣ። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ቆይቻለሁ። የክበባችን ሰብሳቢ ይህ ለታናናሾቻችን ከባድ አይሆንም ወይ ብላኝ ነበር። ሆኖም ስለ የካቲት 12 በየዓመቱ በሰልፍ ላይ እንሰማለን፤ ከሞቱት መካከል የጎንደሬው ሐኪም ልጆች እንዳሉበት ማወቅ አለብን ብዬ ተውኩት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ በህንድ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። የመጨረሻ ዓመታቸውን አዲስ አበባ ከቤተሰባቸው ጋር ኖረው መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. አረፉ። 88 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ነበር የቀራቸው። በመቅደላ ዘመን ተወልደው የጄት አውሮፕላን ዘመን ላይ ደረሱ ማለት ነው።

እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በተወለዱባት ከተማ የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥን ኮሌጅ ተከፈተ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይባል ነበር፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ በአራዳ መንገድ ነጭ ጋዋናቸውን በክንዳቸው ይዘው ታክሲ የሚጠብቁትን የሕክምና ተማሪዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው ሐሙስ አንዷን ጠጋ ብዬ ወርቅነህ እሸቴን ታውቂያቸዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለምን ጠየቅኸኝ አለችኝ። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ ስለ ድንኳኑና ስለ ጠባሳው ነገርኳት፤ ስለ ልጆቹ ሳልደርስ ታክሲው መጣ። ይህ እትም ሲወጣ አንድ ኮፒ ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ።